የፍሬቻ ካሴቶች

ሹፌሩን ሰው ሁሉ ፍሬቻ ብሎ ነው የሚጠራው። የጭነት መኪና ስለነዳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ አንድም ነገር ፊት ለፊት ተናግሮ አያውቅም፤ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ያሳያል፣ ከኋላው ያለው እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ይታጠፋል። "ራበኝ" ለማለት እንኳ "ዛሬ ወጥ ቤቱ ምነው ጸጥ አለ?" ነበር የሚለው። ነበር እንግዲህ። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑን ይዞት ወደቀ፤ ከሆስፒታል ሲወጣ ካፉ የቀረለት ቃል አንድ ብቻ ሆነ፤ "እሺ።" ውሃ ሲሰጡት እሺ፣ መድኃኒት ሲሰጡት እሺ፣ በር ሲንኳኳ እሺ። ሲናደድም ያው እሺ ነው፣ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ። ማንበብም ጠፋበት። ፊደል ሲያሳዩት የማያውቀውን ሰው ፎቶ እንዳሳዩት ትክ ብሎ አይቶ በጨዋነት ይመልሳል።

ጣጣው የመጣውም ከዚህ ካለማንበቡ ነው። በሹፌሩ ሳሎን፣ ከቁም ሣጥኑ ጎን፣ በስድስት የሳሙና ካርቶን የታጨቁ አራት መቶ አሥራ ሁለት ካሴቶች አሉ። መኪናው በደረሰችበት አገር ሁሉ ራሱ የቀዳቸው የሕዝብ ዘፈኖች ናቸው፤ ጭነት አውራጆች ጆንያ ሲያወርዱ የሚሉት፣ ሴቶች ልጅ ሲያስተኙ የሚሉት፣ ጎረቤት ሲያሙ የሚሉት ሳይቀር። በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ቁጥሩ፣ የተቀዳበት ቀንና የዘፈኑ ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቁጥሩ ልክ ነው። ቀኑም ልክ ነው። ስሙ ግን ባንዱም ላይ በቀጥታ አልተጻፈም፤ ፊደሎቹ በሙሉ ተዘበራርቀዋል።

ይህ ዕብደት ብቻውን አልመጣም፤ ማኅበር አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አራት ሰው በሹፌሩ ሳሎን ተሰብስቦ የሕዝብ ዘፈን ማዳመጥ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም የአንድ ዘፈን ስም ፊደሉን አዘበራርቆ በብጣሽ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ቀድሞ የፈታ የዕለቱን የመጀመሪያ ዘፈን ይመርጣል። ወረቀቱ "ተራ ሰው ማራ" ይላል። ሰዎቹ ግንባራቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ተራራው ሰማ" ብሎ ይገላገላል፣ ካሴቱም ይከፈታል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ። ሹፌሩ ደግሞ አንድ ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው ካሴት ተውሶት አባዝቶ ከሸጠበት ወዲህ ጨዋታውን ወደ ካሴቶቹ አዞረው። "ሌባ ይስረቅ፣ ምን እንደሰረቀ ግን አይወቅ" ብሎ የቆዩትንም አዲሶቹንም አንድ ባንድ አዘበራርቆ ጻፋቸው። እሱ ራሱ ስለሚያነባቸው ማንም ግድ አልነበረውም።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ መንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት አላት፣ የማኅበሩን ደብተር የምትይዘውም እሷ ነች። ፊደል ስትፈታ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋታል። "አንድ 'ን' ተረፈችኝ፣ የት ላድርጋት?" ትላለች፣ ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ሁለተኛው ኤሌክትሪሻኑ ነው። ከአራት ፊደል በላይ ከሆነ ራሱን ያመዋል፤ የሚመጣው ለዘፈኑና ለቴፑ ነው፣ ቴፑ ካሴት በበላ ቁጥር በመርፌ አውጥቶ የሚያቃናው እሱ ነውና። ሦስተኛው መምህሩ ነው።

መምህሩ ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ወረቀት አቅቶት አያውቅም። ብጣሹ ሳይዘረጋ ይፈታዋል፤ ፈትቶም ዝም ይላል፣ በጥፍሩ ጠረጴዛውን ኳ ኳ እያደረገ። "ለእናንተ ጊዜ ልስጣችሁ ብዬ ነው" ይላል። ይህን ሲል በጥፊ ያላሉት ስለሚያከብሩት ነው። ቅጽል ስሙ ማለዳ ነው፤ ይህን ስም እንዴት እንዳገኘው ማወቅ ያስፈልጋል፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ ሹፌሩ መኪናው ላይ አሳፍሮ ከድንጋይ ካባው ማዶ ወዳለ መንደር ወሰደው። እዚያ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ካባው ውስጥ ድንጋይ ሲሸከሙ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚሉትን "ማለዳ ነው" የተባለ ዘፈን ዘፈኑለት። መምህሩ ቀዳው። ባልቴቷ ወዲያው ሞቱ፣ ዘፈኑን ሌላ የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። መምህሩ ስለ ዘፈኑ ዘጠና ገጽ መጽሐፍ ጻፈ። መግቢያው ላይ "ይህን ዜማ ከእኔ በፊት የቀዳው የለም" ይላል። ራዲዮ ሁለት ጊዜ ጋበዘው። ያስተማረበት ትምህርት ቤት ልጆች ዘፈኑን ተማሩት፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩት "ማለዳ መጣ" ይሉታል፣ እሱም ያልሰማ መስሎ ደስ ይለዋል። ልጅ የለውም፣ ሚስት የለውም፣ ሌላ የሠራው ነገርም ይኼን ያህል የለም። ስለ ሹፌሩ ሲጠየቅ "እሱ መኪናውን ነዳ፣ እኔ ዜማውን አገኘሁ" ይል ነበር። ሹፌሩም አጠገቡ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

አሁን ሹፌሩና ሚስቱ ቤቱን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ሆስፒታሉ እዚያ ይቀርባል። ልጅቷ ያላት ሁለት ክፍል ነው፣ ስድስት ካርቶን አይገባም። የቤተ መዛግብት ሠራተኛ መጥታ ካሴቶቹን አየቻቸው፣ ዓይኗ በራ፣ "እንወስዳቸዋለን" አለች። ግን ቅድመ ሁኔታ አላት። በእናንተ ቴፕ እንዳትከፍቷቸው፣ አርጅተዋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚችሉት፣ እሱንም እኛ ዘንድ በጸዳ መሣሪያ ነው። ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ካሴት አንረከብም፣ መደርደሪያ የለንም። ዝርዝሩን ጽፋችሁ አዘጋጁ፣ በአራተኛው ሳምንት ሰኞ መኪና እንልካለን። የቀረው ምን ይሆናል ብትባል፣ እሱ የእናንተ ነው አለች። ሚስትየዋ ባዶ ካርቶን አምጥታ በሩ ጥግ አስቀመጠች፤ ላልተፈታውና ለማይረባው። ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ባለው እሑድ ይመጣል።

እንዲህ ነው እንግዲህ ጨዋታው ሥራ የሆነው። ሦስት ቅዳሜ ነበራቸው። ሹፌሩ መስኮቱ ሥር በተዘረጋለት አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪሻኑ ካሴት ያወጣና ቁጥሩን ይጠራል፣ መምህሩ ስሙን ይፈታል፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ደብተሩ ላይ ታሰፍራለች። ደብተሩን በመስመር ከፋፍላዋለች፤ ቁጥር፣ ስም፣ የተቀዳበት ቀን፣ ቀጂ። ቀጂ የሚለው ሥር ከላይ እስከ ታች ያው የሹፌሩ ስም ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኤሌክትሪሻኑ አንዱን አንስቶ "ዲዳ ባል ቀዳው" ብሎ አነበበ። የተጻፈው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ ሰውዬው አፉ እንደ ልቡ ሲታዘዝለት። ሚስትየዋ የምትተኩሰውን ሸሚዝ ትታ ቀና አለች። መምህሩ ቶሎ ብሎ "ቀዳዳው ባልዲ" አለ። "ባልዲ ነው፣ ቀዳዳው ባልዲ፤ ውሃ ወራጆች የሚሉት።" ሚስትየዋ ካሴቱን ተቀብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ከአፍህ የሚወጣውን አታውቅም ብዬህ አልነበር?" አለችው፣ እንባዋን በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገች፣ ደግሞም እየሳቀች። "እሺ" አላት። እስኪበቃቸው ሳቁ። መምህሩም ሳቀ፤ ያን ቀን ልቡ ንጹሕ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛውን ጨርሰው ሻይ ጠጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ያመጣችውን ዳቦ ቆራርሰው በሉ። ኤሌክትሪሻኑ እጁን ከፍርፋሪ አራግፎ ቀጣዩን አወጣ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" አለ። "ለዳማ ነው።" ቀኑንም አነበበ።

መምህሩ ስሙን ለመፍታት ጊዜ አልፈጀበትም። አምስት ፊደል ናት። ማለዳ ነው። መጀመሪያ ደስ ነው ያለው፤ የገዛ ስሙን በሌላ ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ያገኘ ሰው የሚሰማው ደስታ። ከዚያ ቀኑ ገባው። እሱ ባልቴቷን ከቀዳበት ቀን አንድ ዓመት ከአራት ወር ይቀድማል። ሹፌሩ ነው የቀደመው። ያኔ መኪናው ላይ ሲያሳፍረው ወዴትና ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፣ ካሴቱም እቤቱ ተቀምጦ ነበር። መጽሐፉ ታየው፣ መግቢያው ላይ ያለችው ዐረፍተ ነገር ታየችው። ቤተ መዛግብቱ ይህን ካሴት ከፍቶ ያዳምጣል፣ ቀኑን ያያል፣ ያቺ ዓይኗ የበራ ልጅ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ ታስተያያለች። ከዚያ በኋላ መምህር ማለዳ የሚባል ሰው የለም፤ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ብቻ ነው የሚቀረው።

"መምህር?" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። እስክርቢቶዋን አንስታ ትጠብቃለች።

መምህሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ። "ይሄ እንቆቅልሽ አይደለም" አለ። "እንደተጻፈው ነው። ዳማ ሲጫወት የሚከፍተው ሙዚቃ ይሆናል፤ ከራዲዮ የቀዳው፣ ዝም ብሎ ማጀቢያ። የሕዝብ ዘፈን አይደለም።"

"ለዳማ?" አለች።

"ለዳማ።"

"ጋሽዬ ዳማ ይጫወታሉ እንዴ?" አለ ኤሌክትሪሻኑ።

"ድሮ ይጫወት ነበር" አለ መምህሩ። እውነቱን ነው፤ ሹፌሩ ድሮ ጋራዥ ውስጥ በጠርሙስ ቆርኪ ይጫወት ነበር። ውሸት ትንሽ እውነት ካልተቀላቀለባት አትቆምም፣ ይህን ደግሞ አስተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ከተማሪ ይማረዋል።

ኤሌክትሪሻኑ ካሴቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠው። ዳቦ ጋጋሪዋ ደብተሩ ላይ አቀርቅራ ቆየች። ሚስትየዋ "ሻይ ልጨምር" ብላ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ወጥ ቤት ገባች። መምህሩ ካሴቱን ከኤሌክትሪሻኑ እጅ ተቀብሎ ራሱ ተነስቶ በሩ ጥግ ያለው ካርቶን ውስጥ ጣለው። ሲመለስ ከሹፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሹፌሩ ካርቶኑን አየ፣ መምህሩን አየ።

"እሺ" አለ።

ሳምንቱን መምህሩን እንቅልፍ አልወሰደውም ማለት ይቻላል። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲነሳ ጠበቃም ዳኛም እሱ ነው፤ መምህሩም ችሎቱን በየቀኑ ይከፍት ነበር። እሺ ማለቱ ምንም ማለት አይደለም፣ ለድመትም እሺ ይላል። ማንበብ የማይችል ሰው ካሴቱን በምን ይለየዋል? ደግሞ የእሱ ቅጂ ሞተር የሚጮህበት ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል። ደግሞስ ያ ሁሉ ዓመት ዝም ያለ ሰው ቢቆረቆር ኖሮ አይናገርም ነበር? ሌሎቹን አላሰባቸውም፤ አንዷ ፊደል የሚተርፋት፣ አንዱ ራሱን የሚያመው። ከሁሉም በላይ ያናደደው ግን ነገሩ አሳፋሪ የሆነው በማነሱ ነበር። ሰው ሲዋሽ እንኳ ደረጃ አለው፤ እሱ በአምስት ፊደል ነው የተዋረደው። ሐሙስ ዕለት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦ ጋጋሪዋ "መምህር ምነው ጠቆሩ?" ስትለው "ጉንፋን ነው" አላት። "ይሻልዎታል" አለችውና ትኩሱን መርጣ ሰጠችው። ይህም አናደደው።

ዓርብ ወሰነ። ካሴቱን ከካርቶኑ አውጥቶ "ተሳስቼ ነበር፣ እንቆቅልሽ ኖሯል" ብሎ ሊናገር ነው ወይስ ወስዶ ሊሰባብረው፣ እሱ ራሱ በደንብ አላወቀም። ዞሮ ዞሮ ቀድሞ መድረስ አለበት። ቅዳሜ ከሰዓቱ አርባ ደቂቃ ቀድሞ በሩን አንኳኳ። ሚስትየዋ ከፈተችለት፣ "ዛሬ ምነው ቸኮልክ?" ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። ሹፌሩ አልጋው ላይ አሸልቧል። መምህሩ በሩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ካርቶኑን በረበረ። ውስጡ ሁለት የተሰበሩ ካሴቶች፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ ማስታወቂያ፣ አንድ የደረቀ ባትሪ ድንጋይ አሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የለም። ካርቶኑን ዘቀዘቀው። የለም።

ብድግ አለ። ማን ወሰደው? ሚስትየዋን መጠየቅ ማለት ለምን ፈለግከው መባል ነው። አልጋው ሥር አጎንብሶ አየ፣ ወንበሩን አነሳ፣ እንደ ሌባ ኮቴውን እያፈነ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሹፌሩ ነቅቶ ያየው እንደነበር ያወቀው ቀና ሲል ነው። መምህሩ ወንበሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተቀመጠበት።

ሌሎቹ መጡ። የቀሩትን ካሴቶች ፈቱ። መምህሩ ዛሬ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ሁለቱን ኤሌክትሪሻኑ ቀደመው፣ አንዱን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪዋ አንድም ፊደል ሳይተርፋት ፈታች። "ጉድ በል" አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ "ዘንድሮ ዓለም ሊያልፍ ነው።" መምህሩ አልሳቀም። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ሚስትየዋ እጇን አጨበጨበች፣ ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ልታነብ ደብተሩን ገለጠች፤ ስህተት ካለ እንዲታረም። ነገ ካርቶኑ ይጣላል፣ ከነገ ወዲያ መኪናው ይመጣል።

አነበበች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድምፅዋ ዳቦ ስትቆጥር እንደምትቆጥረው ነው፣ አይነሳም አይወድቅም። አንድ መቶ። አንድ መቶ ሃምሳ። መምህሩ የሸሚዙን ቁልፍ እያሽከረከረ ያዳምጣል። ሁለት መቶ ዘጠኝ። ሁለት መቶ አሥር። ሁለት መቶ አሥራ አንድ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት" አለችና ቆመች።

ኤሌክትሪሻኑ የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር አጎነበሰ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ሚስትየዋ መስኮቱን ታያለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ከደብተሩ ቀና ብላ መምህሩን አየችው፣ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ልመና ነው ያለው። ያን ጊዜ ነው የገባው። አምስት ፊደል። ለማን ነው የሚከብደው? ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ሳምንቱን ሁሉ ዳቦ ሲገዛ፣ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ወንበር ሲያነሳ፣ ሁሉም ያውቅ ነበር። እሱ ብቻ ነው ሌላ ማንበብ የሚችል ሰው የለም ብሎ ያሰበው። ማፈሩ ከእግሩ ተነስቶ ጆሮው ድረስ ወጣ።

"ማለዳ ነው" አለ። "ዘፈኑ 'ማለዳ ነው' ነው። ባለፈው ዋሽቻችኋለሁ። ቀኑም ከእኔ በፊት ነው፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር። ቀጂ እሱ ነው፤ ጻፊው።"

ዳቦ ጋጋሪዋ አልጻፈችም። ደብተሩን አዙራ ወደ እሱ ገፋችለት። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ማለዳ ነው፣ ቀኑ፣ የቀጂው ስም፤ ሁሉም በእስክርቢቶ፣ ከላይና ከታች ካሉት መስመሮች ጋር በአንድ ቀለም። ካሴቱን ደግሞ ኤሌክትሪሻኑ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ።

"ባለፈው ቅዳሜ ነው የጻፍኩት" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "እርስዎ ካርቶኑ ዘንድ ሲሄዱ።"

"ባልናገርስ ኖሮ?"

"ዘልዬ ሁለት መቶ አሥራ ሦስትን አነብ ነበር። ሰኞ ግን ካሴቱ ከሌሎቹ ጋር ይሄድ ነበር፣ መምህር። ምን ላድርግ።"

መምህሩ ደብተሩን አየ። የሚቀጡት መስሎት ነበር፤ እነሱ ግን ፊቱን ሊሸፍኑለት ተስማምተው ነበር፣ እሱ ሳያውቅ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ወደ ሚስትየዋ ዞረ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"ካሴቱ እንዳለ? ድሮ።"

"ታዲያ መጽሐፉ ሲወጣ፣ ራዲዮ ሲጠራኝ፣ እሱ ለምን ዝም አለ? እንደዚያ እያልኩ ስኮራ አጠገቤ ተቀምጦ…"

ሚስትየዋ ሸሚዝ እንደምታጥፍ ሁሉ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ አስተካከለች። "እኔም ጠይቄው ነበር" አለች። "ያኔ ባለቤትህ ሞታ ከአልጋ አልነሳ ብለህ ነበር። መስኮት አትከፍትም፣ በር አትከፍትም፣ ምግብ ስናመጣ ዕቃው እንዳለ ይመለሳል። አንድ ቀን ከመንገድ መጥቶ፣ 'ይህን ሰውዬ ጠዋት የሚያስነሳው ነገር አግኝቼለታለሁ' አለኝ። አንተ ቀድተኸው ካሴቱ አለህ አይደል እንዴ ስለው፣ 'እኔ ጠዋት ለመነሳት መኪና አለኝ' አለ። በርህ ላይ የመኪናውን ጥሩንባ እየነፋ ሦስት ቀን ለመነህ፤ በሦስተኛው ወጣህ።"

መምህሩ ተነስቶ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በሹፌሩ ጤነኛ ጎን ተቀመጠና እጁን ያዘ። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ነው የሚያዩት። መምህሩ ማልቀስ ሲጀምር ሚስትየዋ ሌሎቹን በዓይኗ "ተዉት" አለቻቸው።

ዳቦ ጋጋሪዋ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ማንበቧን ቀጠለች።